ሁለት ጣት የተከፈተ መስኮት

መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው። በአንድ እጄ የተፈታታ የሕፃን አልጋ፣ በሌላው የዳይፐር ካርቶን ይዤ በረንዳው ላይ ቆሜ፣ በሩ ገና ገርበብ ከማለቱ ያ ሽታ በስንጥቁ ወጥቶ ፊቴ ላይ ተለጠፈ፤ ዓመቱን ሙሉ የተኛ አቧራ በእሳት ሲቃጠል፣ የጋለ ሸክላ፣ ትንሽ ብረት ብረት፣ ትንሽ ደሞ የተለበለበ ፀጉር የሚል። የልጅነቱን ሽታ ያገኘ ሰው ሆዱ ይባባል ይላሉ። የኔም ባባ። ያናደደኝም እሱ ነው፤ ሊገድለኝ ለነበረ ነገር ሆዴ መባባቱ።

እዚያ በረንዳ ላይ የላከችኝ እማዬ ናት። ግንቦት ላይ ተመርቄ፣ ዲግሪዬን ፍሬም አስገብቼ፣ በዚህ ሬሴሽን መሀል ያላመለከትኩበት ቦታ የለም፤ አንዱም ኮል አላደረገልኝም፤ ሶ የቤተ ክርስቲያናችን ነፃ ሹፌር ሆኛለሁ። "አዲስ የመጡ ልጆች አሉ፣ ዲቪ ናቸው፣ ልጅቷ አራስ ናት። አንቺ መኪና አለሽ፣ ሥራ ደሞ የለሽ" አለችኝና አድራሻውን ቴክስት አደረገችልኝ። ቁጥሩን ጂፒኤሱ ላይ ጻፍኩት እንጂ ልብ ብዬ አላየሁትም። ከአርሊንግተን ወደ ፎርት ዎርዝ ነዳሁ፣ ከሃይዌይ ወረድኩ፣ የመንገዱ ስም ላይ "ሂስቶሪክ"፣ ታሪካዊ ሰፈር ነው፣ የሚለውን ቡናማ ምልክት ሳይ እግሬ በራሱ ጊዜ ፍሬን ያዘ። ድሮ አረንጓዴ የነበረው ቤት ግራጫ ተቀብቷል። የፔካን ዛፉ አንድ ቅርንጫፍ ጎድሎታል። በረንዳው ግን ያው ነው፣ ሦስተኛው ደረጃ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳላጠፋ ብዙ ቆየሁ። የእኛ ቤት ነው።

የመጣነው አሥር ዓመቴ ላይ ነው፤ እማዬ፣ እኔና አራት ዓመት ያልሞላት እህቴ ቤዛ። አባዬ ፕሮሰሱ ስላላለቀ አዲስ አበባ ቀርቷል። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ግርማቸው የሚባል፣ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድሞ የመጣ፣ አሮጌ ቤት እየገዛ ለአገር ሰው የሚያከራይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልልም። "እኔ የአገሬን ሰው ክሬዲት አልጠይቅም" ይል ነበር ደረቱን እየነካ፣ እውነትም አልጠየቀንም። ከዚያ በላይ ደሞ ለአባዬ ስፖንሰር ሆኖ ፈረመ፤ የእማዬ የሆቴል ጽዳት ደሞዝ ለኢሚግሬሽን ስላልበቃ፣ የአባዬ መምጣት በዚህ ሰውዬ ፊርማ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ይሄን ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ ፊርማ ሥር ነው።

ክረምቱ ባንዴ ነው የመጣው፣ እንደ ቴክሳስ ልማድ፤ ጠዋት በቲሸርት ትምህርት ቤት ሄጄ ከሰዓት በኋላ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ተመለስኩ። ጋሽ ግርማቸው በዚያው ቀን መጣ፣ የሱፍ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ሰብሰብ አድርጎ ሳሎን ወለል ላይ ተንበረከከ፣ ክብሪት ጫረ፣ የብረቷን ቁልፍ ጠመዘዘ፣ ዱፍ አለ። "ይኸው! እንደዚህ የሚያሞቅ ሂተር አሁን ቢፈልጉ አይገኝም፣ ከቤቱ ጋር የተወለደ ነው" አለ። ስለ አያያዙ አንድ ቃል ሳይናገር፣ እማዬ እያመሰገነችው፣ ሄደ።

ሂተሩ ከግድግዳ ፊት ወለል ላይ የሚቀመጥ፣ ጭስ ማውጫ የሌለው የብረት ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ እንደ ማር ሰፈፍ የተበሳሱ አምስት ነጭ ሸክላዎች ቆመዋል፣ እሳቱ ከሥር ይዟቸው ሲወጣ መጀመሪያ ይጠቁራሉ፣ ቀጥሎ ይቀላሉ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ብርቱካን ያበራሉ። መሀለኛው ተሸርፏል። እኔና ቤዛ "ጥርሶ" አልነው። ጥርሶ ተናደደ፣ ጥርሶ ራበው፣ ጥርሶ ሳቀ። እማዬ ከኧርቪንግ ሆቴሏ በአውቶቡስና በሰው መኪና ተቀባብላ ስትመጣ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጥርሶ ፊት ትቀመጥና እግሯን ትዘረጋለች፣ እኛ በግራና በቀኝ እንለጠፍባታለን። የአልጋ ልብስ ማጠቢያው ሳሙና እጇ ላይ ይሸታል። የብርቱካን ልጣጭ ሂተሩ አናት ላይ አስቀምጣ ቤቱን ታሸተዋለች። መስኮቶቹ ያልባቸዋል፣ ቤዛ በጣቷ ዶሮ ትሥልባቸዋለች፣ ዶሮዋ እያለቀሰች ወደታች ትፈሳለች። ቅዳሜ ፀጉራችንን ታጥበንና እዚያው ተሠርተን፣ ጭንቅላታችን እየከበደን፣ ዓይናችን እየተከደነ፣ ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንቅልፍ እንደ ማር እየወረደብን፣ እማዬ ጭን ላይ እንወድቃለን። እሷም ከላያችን ታንቀላፋለች። እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም። ማለቴ፣ ከዚያ ወዲህም ሞቆኝ አያውቅም።

ጎረቤታችን ሚስ ዶሪስ ነበረች። ቤቷ የእኛ ቤት መንትያ ነው፣ አንድ ሰው በአንድ ዓመት የሠራቸው። ሰባዎቹን ያለፈች፣ ባሏ ዕድሜ ልኩን የጋዝ ቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ የሞተባት፣ የሱን ጃኬት ለብሳ በነጠላ ጫማ የምትዞር፣ በዚያ ብርድ በረዶ የሞላበት ሻይ የምትጠጣ ሴትዮ። ሲበርድ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ የሂተሯን ሸክላ አንድ በአንድ አውጥታ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስታጸዳ በመስኮት አየኋትና ሳቅኩ፤ ጥርሶን ጥርሱን እያፋቀችው ነዋ። ጠራችኝና ብሩሽ ሰጠችኝ።

ያስተማረችኝን ዛሬም እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ እወጣዋለሁ። መጀመሪያ ክብሪት ከዚያ ጋዝ፣ እንጂ ተገላቢጦሽ አይደለም። ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ምላስ ካወጣ አጥፊውና ሰው ጥሪ። የተሸረፈ ሸክላ ይቀየራል። ልብስ አይሰቀልበትም። በርቶ እያለ አይተኛም። ከሁሉም በላይ ደሞ መስኮት፤ ሂተሩ በተከፈተበት ክፍል መስኮቱ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ይከፈታል። መገጣጠሚያው ያበጠ ሁለት ጣቷን በመስኮቱ ሥር አስገብታ ታሳየኝ ነበር፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ። "ቤቢ፣ እሳትም እንደኛ ይተነፍሳል፣ ያንቺን አየር እንዲበላ አትፍቀጂለት" ትለኛለች። የጋዝ ሽታ ቢመጣ ታውቂዋለሽ፤ ይሄኛው ግን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ አይሸትም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ መስሎ ነው የሚመጣው። እሷ በዚያው ዓይነት ሂተር ሃምሳ ክረምት አልፋለች፣ ምንም አልሆነችም። አሮጌ ቤት አይገድልም። የሚገድለው አያያዙን የሚያውቅ ዝም ሲል ነው።

እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ሁልጊዜ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ ሚስ ዶሪስ እማዬጋ ስትመጣ ግን እኔን ሳትጠብቅ በጣቷ አሳየቻት። እማዬ ፈገግ ብላ አንገቷን ነቀነቀች፣ ሴትዮዋ ስትሄድ ደሞ "አሮጊቷ ቤቷን አሙቃ ሰማዩንም ልታሞቅ ነው እንዴ!" አለችና በሩን ዘጋች።

ምክንያቱም እማዬ ከንፋስ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ሙቀት አያሳስባትም፣ ብርድ እንኳ ያን ያህል አያሳስባትም፣ በቀጭኑ የሚገባ ንፋስ ግን ጠላቷ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሰላሳ ሰው በተጨናነቀበት ሚኒባስ አንድ መስኮት ቢከፈት "ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው" የሚል ሕዝብ ነን። ሆቴሏ የሚጥለውን ያረጀ ፎጣ እያመጣች፣ እየጠቀለለች፣ በመስኮቱና በበሩ ሥር ትወትፋለች፤ ስንጥቁን በቴፕ ትለጥፋለች፤ ላስቲክ ታለብሳለች። ሥራዋ ደሞ ያምር ነበር! ፎጣዎቹን በቀለም አሳክታ፣ ነጭ ከነጭ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሲመጡ እየዞሩ አዩላት፣ "ሙያ ነው" አሏት፣ ቤታቸው ሄደው ወተፉ።

ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። የሁላችንም። እማዬ ምች ነው አለች። ቤድፎርድ ውስጥ ዳማከሴ በባልዲ የምትተክል ሴት ነበረች፣ ቅጠሉን በላስቲክ ይዛ መጣች፣ በአፍንጫችን ጨመቁብን፣ የቤዛ ጩኸት እስከ ዳላስ ተሰማ። አልለቀቀንም። ረቡዕ ጸሎት ሊያደርጉልን መጡ፣ አሥር ሰው ሳሎን ሞልቶ፣ ጥርሶ እየነደደ፣ ፎጣው እንደተወተፈ፤ አንዱ ወንድም የራስ ምታቱን መንፈስ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲገሥጽ ቆይቶ፣ ሲጨርስ ግንባሩን ይዞ "እኔንም ያዘኝ እኮ" አለ። ሁሉም በአክብሮት አየው። ሊያስቅ ይገባል፣ ያኔ እኔም ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው አሥር ትልልቅ ሰዎች፣ አንዳንዶቹ ሆስፒታል የሚሠሩ፣ ከቤት ሲወጡ እንደሚለቃቸው አንዳቸውም ልብ አለማለታቸው ያንገበግበኛል። እኔን ትምህርት ቤት ስደርስ ይለቀኝ ነበር። ለእማዬ ነገርኳት። "ትምህርት ስለምትወጂ ነው" አለችኝ።

ሚስ ዶሪስ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ያንን የማይሸት ጋዝ ሲያገኝ የሚጮህ ነጭ አላርም ይዛ መጣች። በሁለተኛው ቀን ጮኸ። እንዴት እንደሚጮህ! እማዬ ነቅላ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ ፓስፖርታችን ያለበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። "ያረጀ ዕቃዋን ነው የሰጠችን፣ ተበላሽቷል" አለች። ሥራውን መሥራቱ ነበር እኮ!

ቢሆንም እሁድ ከጉባኤ በኋላ ጋሽ ግርማቸውን ጠየቀችው፣ አጠገቧ ቆሜ ነበር። መጠየቅ ከተባለ።

"ጋሽ ግርማቸው፣ ሂተሩ ትንሽ... ማለቴ በጣም ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልን፣ ብቻ ልጆቹን ራሳቸውን..."

"እህቴ፣ ቤቱ እኮ ሂስቶሪክ ነው" አላት እየሳቀ። "ሲቲው ሚስማር እንኳ እንድመታ አይፈቅድልኝም። ሙዚየም ውስጥ ነው የምትኖሪው፣ ዕድለኛ ነሽ!" ከዚያ ትከሻዋን ቸብ አድርጎ፣ "ባለቤትሽስ? ወረቀቱ ከምን ደረሰ?"

እማዬ ዝም አለች። እሱ የጠየቃት ለማስፈራራት ይሁን ለደግነት ዛሬም አላውቅም፤ ዝም ግን አለች። ያ "ሂስቶሪክ" የሚባል ቃል ቧንቧው ሲያፈስ፣ ወለሉ ሲሰረጎድ፣ አይጥ ሲገባ ሁሉ መልስ ነበር፤ አይጡም ሂስቶሪክ ነው መሰለኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለአንድ ክላስ ፔፐር ስለ አሮጌ ቤቶች ሕግ ሳነብ፣ ለሲቲውም ደውዬ ጠየቅኩ። ከመንገድ የሚታየውን የቤቱን ፊት እንጂ ውስጡን አይመለከትም፤ ሂተር ቀይሩ፣ ምን አገባን አሉኝ። የዚያን ቀን ላይብረሪ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ተሳድቤያለሁ።

እኔ ግን ሚስጥር ነበረኝ። ሶፋው ጀርባ፣ መጋረጃው የሚደብቀውን መስኮት፣ ፎጣውን በዘዴ ነቅዬ ሁለት ጣት ከፍቼ እተወው ነበር። ጠዋት እዘጋለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እከፍታለሁ። ራስ ምታቱ ቀለል ብሎን ከረመ። እማዬ ዳማከሴውን አመሰገነች።

ጥር ላይ በረዶው መጣ። የዚህ አገር ሰው በረዶ ሲል ነጭ ጥጥ አይደለም፤ ዝናቡ እየወረደ መስታወት የሚሆነው ነው፣ ሽቦው፣ ቅርንጫፉ፣ መንገዱ ሁሉ። ትምህርት ተዘጋ፣ ሆቴልም መድረስ አልተቻለም፣ ሦስታችን ቤት ውስጥ ጥርሶን አፋፍመን ተቀመጥን። በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ቤዛ አሳላት። እማዬ ተነሥታ እጇን በየግድግዳው እያስኬደች "ከየት ነው ይሄ ንፋስ? የሆነ ቦታ ንፋስ አለ" ትላለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "አንቺ ጎበዟ፣ ዓይንሽ ያያል፣ እስቲ ፈልጊልኝ።"

ፈለግኩላት። እዚያም እዚህም ያየሁ መሰልኩ፣ ሶፋው ጀርባ ገባሁ፣ መስኮቴን በራሴ እጅ ዘጋሁት፣ ፎጣውን ወተፍኩት፣ ወጥቼም "አገኘሁት!" አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ። "የኔ ጎበዝ" አለችኝ። በርዶኝ ነበር፣ ደሞ መሳም ፈልጌ ነበር። በሰው ሁሉ ላይ ስጮህ ለምትሰሙኝ፣ ይሄንንም ጻፉልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁርጥራጭ ነው። የጥርሶ ምላስ ቢጫ ነበር፣ አይቼዋለሁ፣ ቆንጆ ነበር። መስኮቱ አላበው ብቻ ሳይሆን እንደ ዝናብ ይፈስ ነበር። ቤዛ አስታወከች፣ ከዚያ ተኛች፣ ዝም ብላ ተኛች። እማዬ ውኃ ልታመጣላት ተነሣችና ተመልሳ ቁጭ አለች፣ እንደገና ልትነሣ ሞከረች፣ አልቻለችም፣ "ድካም ነው" አለችኝና ሳቀች። እኔ ቢጫውን ለማጥፋት አስባለሁ፣ እጄ ግን የሰው እጅ ሆኗል። ሚስ ዶሪስ በበረንዳዋ ጨው እየበተነች ነበር አሉ፣ የመስኮቶቻችንን ልቅሶ አየች። በሩን ስትመታ ሰማኋት። መልስ መስጠት ሰነፍኩ፣ ሌላ ቃል የለውም፣ ሰነፍኩ። ከዚያ መስታወቱ ተሰበረ፣ በባሏ የቧንቧ መፍቻ፤ ብርዱ እንደ ውኃ ገባ። ያቺ በነጠላ ጫማ መስታወት የሆነ መንገድ ያቋረጠች አሮጊት ቤዛን በብብቷ ይዛ፣ እኔን በፒጃማ ኮሌታዬ እየጎተተች፣ እማዬን በዳዴ እያስኬደች በረንዳ አወጣችን። ቤዛ በረዶው ላይ ተኝታ ከንፈሯ ቀስ ብሎ ሲመለስ፣ ቀጥሎም ስታለቅስ አስታውሳለሁ። ሚስ ዶሪስም አለቀሰች። እሳት አደጋ መጣ፣ ኦክስጅን አደረጉልን፣ የጋዙ ሰውዬ ሂተሩ ላይ ቀይ ወረቀት አሰረና ቆጣሪውን ቆለፈ።

በረዶው ሲቀልጥ ጋሽ ግርማቸው መጣ። ቤዛን "ደህና ነሽ ወይ" አላት፣ ይሄን አልክድም። ቀጥሎ የተሰበረው መስኮት ፊት ቆሞ ምላሱን መጠጠና፣ "ይሄ መስታወት እኮ ኦሪጂናል ነበር" አለ።

እማዬ ሁለት እጇን አጣምራ፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ፣ "ይቅርታ ያድርጉልን ጋሽ ግርማቸው" አለችው።

ልጄ ልትሞት ነበር ሳይሆን፣ ይቅርታ! እዚያው ወር አርሊንግተን አፓርትመንት ገባን። ሚስ ዶሪስን ሳንሰናበት ነው የሄድነው፤ እማዬ አፍራ ነበር፣ ኀፍረቷ ደሞ ቁጣ መሰለ፣ "ቤት የሰበረች አሮጊት" ብላ ተወቻት። ስሟን ከዚያ በኋላ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። አባዬ በዓመት ከስንት ወር መጣ። ፊርማው ሠራ። እማዬ በዝምታዋ ባል አስመጣች፤ እኔ እስከዛሬ ሒሳቡ አልገባኝም።

ሶ ይሄን ሁሉ ይዤ ነው በሩ የተከፈተልኝ። ትዕግስት ትባላለች፣ ዕድሜዋ የኔው ነው፣ ባሏ ሥራ ላይ ነው፣ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ። ፎጣዎቹ በቦታቸው አሉ፤ ማለቴ ሌሎች ፎጣዎች፣ በየቦታው። ጥርሶ ይነድዳል፣ ቢጫ ምላሱን አውጥቶ። መሀለኛው ሸክላ ዛሬም ሽርፍ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት!

"ራስሽን ያምሻል?" አልኳት፣ ሰላም እንኳ ሳልላት።

"ኧረ ተይኝ፣ ምች ነው መሰለኝ፣ ከወለድኩ ጀምሮ አለቀቀኝም።"

"ከቤት ስትወጪስ?"

አሰበች። "ስወጣ ይሻለኛል። የሚገርመው እሱ ነው።"

አልጋውን ጣልኩት፣ ቁልፉን ጠምዝዤ አጠፋሁት፣ የሶፋውን ጀርባ መስኮት ፎጣ መንጭቄ ወደ ላይ ገፋሁት። በቀለም ተጣብቆ ነበር፣ በቡጢ መታሁት፣ ተላቀቀ።

"እህቴ! አራስ ቤት ነው እኮ! ልጄን ብርድ ልታስመቺ ነው?"

"ብርዱ አይገድላትም። ነይ ውጪ፣ ልጅቷን ጠቅልያትና መኪናዬ ውስጥ ግቢ።"

"ጋሽ ግርማቸው ምንም አይሆንም ብለውናል። ቤቱ ሂስ..."

"እንዳትጨርሺው!"

ደነገጠች፣ ወጣች። ከበረንዳው ሆኜ ጋዝ ካምፓኒው የድንገተኛ ቁጥር ላይ ደወልኩ። ሰዓት ሳይሞላ አንድ ወፍራም ሰውዬ መጣ፣ በእጁ የያዛት መለኪያ ገና ደጃፉን ሲያልፍ ጮኸች፤ ያንኑ ጩኸት፣ መሳቢያ ውስጥ የከተትነውን። ሕፃኗ ስንት ወሯ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁለት አልኩት። ቀዩን ወረቀት አሰረና ቆጣሪውን ቆለፈ፣ ሕፃኗን ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዩ ብሎ ሄደ።

የሚስ ዶሪስን ቤት ያኔ ነው ያየሁት። በሩ ላይ ባንክ ቤቱን መውረሱን የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። ትዕግስት በመኪናው መስኮት "ማንም የለበትም፣ አሮጊት ነበረች፣ ከሞተች ቆይታለች አሉ" አለችኝ። የሳሎኗ መስኮት ሁለት ጣት እንደተከፈተ ቀለም ተቀብቶ እዚያው ደርቆ ቀርቷል። ክፍተቱን አንድ ሰው በቢጫ ስፖንጅ ደፍኖታል።

ጋሽ ግርማቸው ደወለ። ሲሰድበኝ አንተ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው "ይቅርታ ጋሼ" ነው። ራሴን በጥፊ ልመታ ምንም አልቀረኝም።

"ልጄ፣ አራስ ሴት በብርድ ሜዳ ላይ አወጣሽ? በወንጌል ቤት ያደግሽ አይደለሽም?"

"ሂተሩን ካልቀየሩ ማንም ተመልሶ አይገባም፣ ጋሼ። ሲቲው ይፈቅዳል፣ ጠይቄያለሁ። ያልጠየቁት እርስዎ ነዎት።"

ዘጋው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እማዬ ደወለች፣ ከጀርባዋ የሰውዬው ድምፅ ይሰማል፣ ሽማግሌዎቹ እሷ ቤት ለጸሎት ተሰብስበው ነበር። "አዋረድሽኝ! ለደግ ሥራ ልኬሽ! ምን ዓይነት ምላስ ነው የሰጠሽ!" እያለች አንድ ሳትተነፍስ። ስልኩን ዘግቼ ትዕግስትንና ሕፃኗን ሐኪም አሳየሁና ቀጥታ እማዬ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። የልጅቷ ደም ደህና ነው፣ በጊዜ ደርሳችኋል ተባልን።

ሽማግሌዎቹ ሄደዋል። እማዬ በሩን ከፍታ ትዕግስትን ከነሕፃኗ አቀፈቻት፣ አልጋ አንጥፋለች፣ ሾርባ ሠርታለች። ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። ሕፃኗ ተኛች። እኔ እንደ ልማዴ መስኮት ልከፍት ሄድኩ። አፓርትመንቱ ሁሉ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሽታ ላለው ጋዝ እንኳ ቧንቧ የለውም፤ ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ መስኮት ተዘግቶ ተኝቼ አላውቅም፣ አንዷ ሩምሜቴ በዚህ ጥላኝ ሄዳለች። እማዬም ሁልጊዜ ተከትላኝ ትዘጋለች። ዛሬም ተከተለችኝ። ግን አልዘጋችውም። ሁለት ጣቷን በክፍተቱ አስገባች፣ መስኮቱን ጣቷ እስኪነካ ዝቅ አደረገችው።

"ሁለት ነው ያለችው። ያንቺ አራት ነው።"

"ማን?"

"ሚስ ዶሪስ ናታ።"

"ገብቶሽ ነበር?"

"በጣቷ እያሳየችኝ? ጣት አስተርጓሚ ይፈልጋል?"

አየኋት። አታየኝም፣ መስኮቱን ነው የምታየው። ቀስ እያለ ገባኝ። "አድራሻውንስ? ቴክስት ስታደርጊልኝ የማን ቤት እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

"የኖርኩበትን ቤት ቁጥር የምረሳ ይመስልሻል?" አለችኝ። "እኔ ብናገር ጠብ ነው፣ አባትሽን ያስመጣ ሰው ነው። አንቺ ስትናገሪ ‘የአሜሪካ ልጅ ናት፣ አፏ አያርፍም’ ተብሎ ይታለፋል።" ከዚያ ሾርባውን ልታማስል ሄደች።

አሥር ዓመቴ ላይ አስተርጓሚዋ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ አፏ ሆንኩ፣ ያውም ሳትነግረኝ። ልጮህ ፈለግኩ፣ ሕፃኗ ተኝታለች። ታውቅ ነበር። አላርሙ ሲጮህም፣ ፎጣውን ስትወትፍም፣ ጣቱን አይታዋለች። ፈርታ ነው፣ ይገባኛል፣ አባዬ ነው፣ ፊርማው ነው፣ ብቻዋን ነበረች። ሁሉም ይገባኛል፣ ንዴቴ ግን አይገባውም።

ንዴቴ ስለ መስታወቱም ስለ ሰውዬውም ብቻ አይደለም። ከዚያ ቤት አንድ ነገር ነው ይዤ የወጣሁት፤ ያ የቅዳሜ ሙቀት፣ የሳሙና ሽታ ያለው እጅ ፀጉሬ ውስጥ፣ ቤዛ ጉልበቴ ላይ፣ እንደ ማር የሚወርደው እንቅልፍ። በሕይወቴ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም። አሁን ደሞ ሳስበው፣ ከዚያ እንቅልፍ ስንቱ እማዬ እንደነበረች፣ ስንቱ ጋዙ እንደነበረ መለየት አልችልም። የሚለየው መለኪያ የለም፣ የወፍራሙ ሰውዬም አይለየውም። ጋሽ ግርማቸው ሂተሩን ቢቀይር፣ ይቅርታ ቢለኝ፣ ይሄንን አይመልስልኝም። ያንን ትዝታ እንኳ የምሞቀው መስኮት ከፍቼ ነው፤ ሁለት ጣት።